ፎይሉ መጀመሪያ ለምን አልሠራም?

ዘጌ ቤታችን ጣሪያ ላይ ያሰርኳት 10 ዋት ሶላር ጠዋት ጠዋት ስልክ እንኳ በወጉ አልሞላ አለች። ኮምፔንሳቶ ላይ ፎይል ለጥፌ የፀሐይ ብርሃን እንዲያንጸባርቅላት ከጎኗ አቆምኩ፤ ከረንት የምለካበት ቴስተር ግን ከ0.4 አምፒር ንቅንቅ አላለም። ለካ ነጸብራቁ የሚያርፈው ግማሿ ላይ ብቻ ኖሯል! ሴሎቹ እንደ መቁጠሪያ በአንድ መስመር የተያያዙ ስለሆኑ፣ ብርሃን ያነሰው ሴል የሁሉንም ከረንት አንቆ ይይዛል። ኮምፔንሳቶውን በሁለቱም ጫፍ ከፓኔሏ አሳልፌ ወደ ውጭ ዘመም ሳደርገው ብርሃኑ ሙሉዋን ሸፈነ፤ 0.55 ገባ።

ቀትር ላይ ጀርባዋ እጅ ያቃጥላል፤ ፓኔል ሲግል ደግሞ ቮልቴጁ ይወርዳል። ከቆርቆሮው አንድ ስንዝር ከፍ አድርጌ የጣናን ነፋስ ከሥሯ አሳለፍኩላት። አሁን የቸገረኝ ጦጣ ነው፤ ፎይሉን ሁለቴ ቦጨቀብኝ።