የሼክስፒርን የጥበብ ንግግር ለተማሪዎች እንዴት እናስረዳ?

በደብረ ብርሃን ለሚማሩ ወጣቶች እንግሊዛዊው ጸሐፌ ተውኔት ዊልያም ሼክስፒር (1564–1616 እ.ኤ.አ.) ስለ ሕይወት፣ ስለ ፍቅርና ስለ ምግባር የጻፋቸውን ንግግሮች ሲያስተምሩ፣ ከሁሉ አስቀድመው ተናጋሪው ማን እንደሆነ ያሳዩ። በ«ሐምሌት» ውስጥ ፖሎኒየስ ወደ ፈረንሳይ የሚሄደውን ልጁን አበዳሪም ተበዳሪም እንዳይሆን፣ ለራሱም እውነተኛ እንዲሆን ይመክረዋል፤ ይሁን እንጂ ይኸው አባት ቆየት ብሎ ልጁን የሚሰልል ሰው ይልክበታልና፣ ምክሩን ከተናጋሪው ነጥሎ በሰሌዳ ላይ መጻፍ ሰሙን ይዞ ወርቁን እንደ መጣል ነው። ቅኔ የሰማ የመንዝ ልጅ ይህን ፈጥኖ ይረዳል። ቀጥሎ የጸጋዬ ገብረ መድኅንን የአማርኛ ትርጉም ጮክ ብለው ያንብቡላቸው። ከዚያም በመቀናጆና በወንፈል ለሚያርስ ቤተሰብ «አታበድር፣ አትበደር» የሚለው ምክር ይሠራ እንደሆነ እንዲከራከሩ ሰፊ ጊዜ ይስጧቸው።