ሎሚና ስኳር ካለ ኩባም ብራዚልም ቅርብ ነው

ኮክቴል ቤት ውስጥ ልሥራ ስትሉ መጀመሪያ የሚያስፈራው የጠርሙሱ ብዛት ነው አይደል፣ ባር ላይ ተደርድሮ የምታዩት በሙሉ የሚያስፈልግ ይመስላል። አያስፈልግም። ሎሚ፣ ስኳር፣ በረዶ፣ ትንሽ ናና፣ ሶዳና አንድ ጠርሙስ ነጭ ረም ካላችሁ ሁለት የኩባ መጠጥ ወጣላችሁ፣ ረሙን ብቻ ስትቀይሩት ደግሞ ብራዚል ገባችሁ።

ለልኬት የሾርባ ማንኪያ ይበቃል፣ 15 ሚሊ ሊትር አካባቢ ይይዛል። በግምት ግን እንዳትቀዱ፣ እኛ እንግዳ መጣ ብለን አልኮሉን እንገለብጠዋለን፣ ከዛ ሎሚው የት እንደገባ አይታወቅም።

በዳይኪሪ ጀምሩ። ስሙ ሳንቲያጎ ደ ኩባ አጠገብ ያለች የባህር ዳርቻ ስም ነው፣ እዛው አካባቢ የብረት ማዕድን ነበረ፣ መጠጡንም በፈረንጆቹ 1898 አካባቢ ማዕድኑ ላይ ይሠራ የነበረው አሜሪካዊው ኢንጂነር ጄኒንግስ ኮክስ ነው የፈጠረው ይባላል። 4 ማንኪያ ረም፣ ከ1 ማንኪያ ትንሽ ከፍ ያለ አሁን የተጨመቀ ሎሚ፣ 2 የሻይ ማንኪያ ስኳር። ስኳሩን ቀድማችሁ ሎሚው ውስጥ አሟሙት፣ አልኮል ውስጥ ቶሎ አይሟሟም፣ ብርጭቆው ስር አሸዋ መስሎ ይቀራል። ሼከር ከሌለ ክዳኑ የሚገጥም የማርማላታ ጠርሙስ በበረዶ ሞልታችሁ 15 ሰከንድ ያህል በጉልበት ናጡት፣ እጃችሁን እስኪቆረጥማችሁ። የሚቀልጠው ውሃም የመጠጡ አካል ነው፣ ስለዚህ ቀጠነ ብላችሁ አትደንግጡ። በረዶውን አስቀርታችሁ ቅዱ። የኛ ትንንሿ ሎሚ ኃይለኛ ስለሆነች ቅመሱና ከኮመጠጣችሁ ስኳር ጨምሩ።

ሞሂቶ የሃቫና ነው። 3 ማንኪያ ረም፣ ሎሚና ስኳሩ እንደ ላይኛው፣ ከዛ 6 ቅርንጫፍ ናና። እዚህ ጋ ነው ሰው የሚሳሳተው፣ ናናውን ይደቁሰዋል። ቅጠሉ ሲፈጭ ይመራል፣ ጥርስ ላይም ይለጠፋል፣ በማንኪያ ጀርባ ሁለት ሦስቴ ጫን ጫን አድርጎ ሽታውን ማስወጣት ብቻ ነው። እኔ የመጀመሪያ ቀን ብልጥ ነኝ ብዬ በሙቀጫ ወቀጥኩት፣ ሙቀጫው ደግሞ የነጭ ሽንኩርት ነበር፣ እንግዶቼ በጨዋነት ጠጡት እስካሁንም ያነሱብኛል። በረዶ ጨምራችሁ ሶዳ ሙሉበት። አምቦ ውሃም ይሆናል፣ የራሱ የማዕድን ጣዕም ስላለው ግን ትንሽ ይለያል፣ ለኔ እንደውም ይጥመኛል።

ካይፒሪኛ ላይ ስትደርሱ ረሙ ይቀራል፣ የብራዚሉ ካሻሳ ነው የሚገባው። ሁለቱም የሸንኮራ ልጆች ናቸው፣ ግን ረም በብዛት የሚወጣው ስኳር ሲመረት ከሚተርፈው ሞላሰስ ነው፣ ካሻሳ ከራሱ ከትኩሱ የሸንኮራ ጭማቂ ስለሆነ ሣር ሣር የሚል ነገር አለው። ሼከር አያስፈልግም፣ እዛው ወፍራም ብርጭቆ ውስጥ ነው የሚሠራው። ሎሚውን (ትንንሽ ከሆነ ሁለት) ከነልጣጩ ቆራርጡ፣ መሀል ያለችውን ነጭ አውጡ እሷ ናት መራራ የምታደርገው፣ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር ነስንሳችሁ በዱላ ነገር ተጫኑት። እዚህ ጫን ማለት ይፈቀዳል፣ የልጣጩ ዘይት ነው የሚፈለገው፣ ብቻ ልጣጩ እስኪቦጫጨቅ አይደለም። ብርጭቆውን በበረዶ ሙሉት፣ 4 ማንኪያ ካሻሳ፣ ማማሰል፣ በቃ፣ አይጠለልም።

ካሻሳ ካጣችሁ ቮድካ አድርጉ፣ ብራዚሎችም ያደርጉታል፣ ካይፒሮስካ ይሉታል። በካቲካላስ ለምትሉኝ፣ ሞክሬዋለሁ፣ ጢስ ጢስ የሚል ሎሚ ነው የጠጣሁት።