ለማሳመን ስንል የምናበላሻቸው ነገሮች

ሰው ማሳመን ሲያቅተው ብዙ ጊዜ ማስረጃ ያነሰው ይመስለዋል። ስለዚህ ይጨምራል፦ ሌላ ምክንያት፣ ሌላ ቁጥር፣ ከፍ ያለ ድምፅ። ነገሩን የሚያበላሸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ያ የተጨመረው ነው።

የአጥፊውን ብዛት ማወጅ

የኮንደሚኒየም ኮሚቴዎች መግቢያው ላይ የሚለጥፉትን ማስታወቂያ ልብ ብላችሁ እዩ። «ከ40 አባወራ 26ቱ የጥበቃ ክፍያ አልከፈሉም። በጥብቅ እናሳስባለን!» የጻፈው ሰው ሊያሳፍር ነው ያሰበው። ያልከፈለው ሲያነበው ግን «ለካ ብቻዬን አይደለሁም» ብሎ ቀለል ይለዋል። የከፈለውም «ታዲያ እኔን ምን አስቸኮለኝ?» ይልና በሚቀጥለው ወር እጁን ይሰበስባል።

ይህ በሙከራ የታየ ነገር ነው። ሮበርት ቻልዲኒ የተባሉት የሥነ ልቦና ምሁርና ባልደረቦቻቸው አሜሪካ፣ አሪዞና ውስጥ ወደ ድንጋይነት የተለወጠ ጥንታዊ እንጨት በሚገኝበት ብሔራዊ ፓርክ ሞክረውታል። ጎብኚዎች ስባሪውን እየያዙ በመሄድ ፓርኩን አስቸግረው ነበር። ተመራማሪዎቹ ምልክት ያደረጉባቸውን ስባሪዎች በእግር መንገዱ ዳር አስቀመጡ። «ብዙ ጎብኚዎች እንጨቱን ስለወሰዱ የፓርኩ ተፈጥሮ ተለውጧል» የሚል ሰሌዳ በቆመበት ጊዜ 8 በመቶ ያህሉ ተወሰደ። ሰሌዳው አትውሰዱ ብሎ ብቻ ሲለምን ግን የተወሰደው ከ2 በመቶ በታች ነበር። የመጀመሪያው ሰሌዳ ሳያስበው መውሰድ የተለመደ መሆኑን አስተማረ ማለት ነው።

ስለዚህ አብዛኛው ሰው ከፍሎ ከሆነ የከፈለውን ቁጠሩ። አብዛኛው ካልከፈለ ቁጥሩን ተዉት፤ መዋሸትማ አያዋጣም፣ ጎረቤት ሁሉን ያውቃል። ከባለፈው ወር አምስት ቤት ጨምሮ ከሆነ ያንኑ ጻፉ። ከዚያም ቦታና ሰዓት፦ «ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት፣ ብሎክ 4 መግቢያ ላይ ገንዘብ ያዡ ይጠብቃሉ።»

«የግድ ነው» ማለት

ምርጫው የተነጠቀበት ሰው የሚያስበው ስለ ጉዳዩ መልካምነት ሳይሆን የተነጠቀውን ስለማስመለስ ነው። የሥነ ልቦና ምሁሩ ጃክ ብሬም ይህን በ1966 (እ.ኤ.አ.) በንድፈ ሐሳብ መልክ አስቀምጠውታል። እንዲህ ያለ ሰው ሊያደርገው ያሰበውን ነገር እንኳ እልህ ይዞት ይተወዋል።

በ2000 በታተመ የፈረንሳይ ጥናት ደግሞ መንገደኞች የአውቶቡስ ሳንቲም ተለመኑ። ዝም ብለው ሲጠየቁ የሰጡት 10 በመቶ ነበሩ። «መስጠትም አለመስጠትም የእርስዎ ፈቃድ ነው» የሚል ሲታከልበት ግማሽ ሊሆኑ ጥቂት ቀራቸው። ይህ የሚሠራው ግን ፈቃዱ እውነት ሲሆን ነው። «እንደፈለግህ» ብሎ ፊቱን የሚያጠቁር አለቃ ጭራሽ ባይናገር ይሻለው ነበር።

ምክንያት መደርደር

አባትዎን ደም ግፊታቸውን እንዲለኩ እየለመኑ ነው እንበል። «ራስዎን ያምዎታል፣ ጎረቤታችንም በዚሁ ነው የወደቁት፣ በቴሌቪዥንም ተናግረዋል፣ ደግሞ ውድ አይደለም።» አባት አራቱን አይመዝኑም፤ ደካማዋን ይመርጣሉ። «ቴሌቪዥን ስንቱን ይላል!» ሲሉ ጨዋታው ስለ ቴሌቪዥን ይሆናል፣ የራስ ምታቱ ተረሳ። አንድ ወይም ሁለት ጠንካራ ምክንያት ይበቃል።

ለትንሽ ነገር እንኳን ጠንካራ፣ ማናቸውም ምክንያት ይሠራል። የሥነ ልቦና ምሁሯ ኤለን ላንገር በ1978 ባሳተሙት ጥናት ፎቶ ኮፒ ወረፋ ላይ «አምስት ገጽ ነው፣ ኮፒ ማድረግ ስላለብኝ ልቅደም» ላለ ሰው፣ ምንም እንኳ ምክንያቱ ባዶ ቢሆን፣ 93 በመቶው ፈቅደዋል። ገጹ 20 ሲሆን ግን ያው ባዶ ምክንያት ምንም አልጨመረም።

አስፈራርቶ መተው

የሥነ ልቦና ምሁሩ ሃዋርድ ሌቨንታልና ባልደረቦቻቸው በ1965 ለዬል ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስለ ቴታነስ (መንጋጋ ቆልፍ) የሚያስፈራ ጽሑፍ ሰጡ። ተማሪዎቹ ደነገጡ፣ ክትባቱም አስፈላጊ ነው አሉ። ሄደው የተከተቡት ግን 3 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። ክሊኒኩ በክብ ምልክት የተደረገበት ካርታ ተሰጥቷቸው የሚመቻቸውን ሰዓት እንዲያስቡ የተደረጉት ዘንድ ቁጥሩ 28 በመቶ ደረሰ፤ የፍርሃቱ መጠን በዚህ ላይ ለውጥ አላመጣም።

አባትዎንም «ኋላ ይቆጭዎታል» ከማለት «አባባ፣ ማክሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት እመጣለሁ፤ ካርዱን እኔ አወጣለሁ፣ ለቁርስ እንመለሳለን» ማለት ያዋጣል።

ሰው ፊት ማረም

እድር ስብሰባ ላይ የተሳሳተን ሰው እዚያው ማረም ሐሳቡን እንዲከላከል ማስገደድ ነው። ከስብሰባው በኋላ ለብቻ ያነጋግሩት።

«እሺ»ን እንደ ስምምነት መቁጠር

ይሉኝታ ያለበት ሰው ፊት ለፊት እምቢ አይልም። «እሺ፣ እናያለን»፣ «እግዚአብሔር ያውቃል» ይልና ስልኩን ማንሳት ያቆማል። «ተስማማን?» የሚለው ጥያቄ የባሰ ይሸፍነዋል፤ መልሱ አንድ ብቻ ነውና። «የሚያስቸግርህ የትኛው ነው?» ብላችሁ ጠይቁና ዝም በሉ፤ ዝምታውን እናንተ አትሙሉት። ተቃውሞው ከወጣ መነጋገር ይቻላል። ካልወጣ «መቼ ይመችሃል?» በሉት። ቀን ከቆረጠ በዋዜማው ደውሉ፤ «አሳውቅሃለሁ» ካለ እምቢታ አድርጋችሁ ቁጠሩትና የምትጠይቁትን አሳንሱ።