ኢፖክሲው ለምን ተላጠ? ለደሴና ለኮምቦልቻ ጋራዦች

ኢፖክሲ፣ ማለትም ከማጠንከሪያ ጋር ተደባልቆ ወለል ላይ የሚቀባው ቀለም፣ ሲበላሽ መጀመሪያ የሚሰደበው ቀለሙ ነው፣ ቀጥሎ ቀቢው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ያለው ከስር፣ ኮንክሪቱ ላይ ነው። ስለዚህ ሌላ ቆርቆሮ ገዝታችሁ ከመደረባችሁ በፊት ምልክቱን እዩ። በተበላሸ ሽፋን ላይ የተደረበ አዲስ ኢፖክሲ ከነአሮጌው ተያይዞ ይነሳል።

ወለሉ እየተላጠ ነው

በብዛት የሚያጋጥመው ይሄ ነው። የተነሳውን ቁራጭ አትጣሉት። ገልብጡና ጀርባውን እዩት።

ጀርባው ላይ ግራጫ የሲሚንቶ ዱቄት ተጣብቆ ከመጣ ኢፖክሲው በደንብ ይዞ ነበር፤ የለቀቀው የኮንክሪቱ ስስ የላይኛው ቆዳ ነው። እኛ ሀገር ሊሾ እንወዳለን። ሲሚንቶ እየተነሰነሰ እስኪያብለጨልጭ ይታሻል፤ ለመጥረግ ይመቻል፣ ለኢፖክሲ ግን ጠላት ነው። ጀርባው ንጹህና ለስላሳ ከሆነ ደግሞ ከመጀመሪያውም አልያዘም፤ ወይ ወለሉ ሳይፈተግ ተቀብቷል ወይ ዘይት ጠጥቷል። እርጥብ ከሆነ ወይም ነጭ ጨው የመሰለ ነገር ከያዘ ውሃ ከታች እየገፋው ነው። ሁለተኛው ሽፋን ብቻውን ከመጀመሪያው ላይ ከለቀቀ ደግሞ በመሀሉ ብዙ ቀን አልፏል፣ በብርጭቆ ወረቀትም አልተሻሸም ማለት ነው።

የሊሾው መፍትሄ መፈተግ ነው፣ ሌላ አቋራጭ የለውም። ለትንሽ ቦታ የዳይመንድ ዲስክ የተገጠመለት ግራይንደር ይበቃል። ሰፊ ከሆነ ቴራዞ የሚፈትጉትን ልጆች ጥሯቸው፣ ግን በሸካራው ድንጋይ ብቻ እንዲያቆሙ ንገሯቸው፤ ማሳመር ከጀመሩ መልሳችሁ ሊሾ አገኛችሁ። የተላጠውን ብቻ ሳይሆን ዙሪያውን አጥብቆ የያዘ ጠርዝ እስክታገኙ ድረስ አንሱት። ሲያልቅ ውሃ ጠብ አድርጉበት። ቶሎ ከጠጣው ጥሩ ነው። ተንከባሎ ከቆመ ገና ነው።

ወደ ሚሌ የሚወርዱ ከባድ መኪኖች የሚጠገኑበት የኮምቦልቻ ጋራዥ ከሆነ ዘይቱ ወደ ውስጥ ጠልቋል። በቤንዚን አትጠቡት። ዘይቱን አቅጥኖ የበለጠ ያሰርጸዋል፣ እሳቱም ሌላ ጣጣ ነው። ቅባት በሚያነሳ ሳሙናና በሙቅ ውሃ ደጋግማችሁ አሹት፣ ከዚያ ፈትጉት። አሁንም ውሃው ላዩ ላይ ከተንከባለለ ያንን ኮንክሪት ቆርጦ በአዲስ መሙላት ይሻላል።

ከታች የሚመጣ እርጥበት

ይሄ የደሴ በሽታ ነው። ጦሳ ተራራ ግርጌ ተዳፋት ተቆርጦ የተሰራ ቤት የክረምቱን ውሃ ከላይኛው ወገን ይቀበላል፣ ከወለሉ በታች ላስቲክ ካልተነጠፈ ደግሞ ያ ውሃ በኮንክሪቱ ውስጥ ሽቅብ ይወጣል። ለመመርመር ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ላስቲክ አንጥፉና አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሽጉ። በማግስቱ፣ ቢያንስ ከ16 ሰዓት በኋላ ግለጡት። ላስቲኩ ስር ጤዛ ካለ ወይም ኮንክሪቱ ከጠቆረ አትቀቡ። መጀመሪያ በላይኛው ወገን የውሃ መውረጃ ቦይ ይቆፈር፣ ወለሉ ይድረቅ፣ ፈተናውም ይደገም። ግን የበጋ ፈተና ያሞኛል፤ ከተቻለ ክረምት ላይም ሞክሩት። ያኔም ከረጠበ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ኢፖክሲ ይቅርባችሁ። አዲስ የተሞላ ኮንክሪት ደግሞ ቢያንስ 28 ቀን ይጠብቅ።

አልደርቅ አለ፣ ይጣበቃል

ሁሉም ቦታ እኩል የሚጣበቅ ከሆነና ሰሞኑን ብርድ ከነበረ አብሽሩ፣ ጥቂት ቀን ታገሡት። አብዛኛው ኢፖክሲ ከ10 ዲግሪ በታች ስራውን ያቆማል ማለት ይቻላል፤ የደሴ የታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ ከዚያ በታች መውረዱ አይገርምም።

እዚህም እዚያም የሚጣበቅ ከሆነ ግን ጥፋቱ ከባልዲው ነው። ቀለሙና ማጠንከሪያው በአምራቹ ልክ አልተደባለቁም፣ ወይም የባልዲው ጥግና ወለል ሳይፋቅ ቀርቷል። ልኩ እንደ ምርቱ ይለያያል፤ 2 ለ 1 አለ፣ 4 ለ 1 አለ፣ በክብደት የሚለካም አለ። በዓይን ግምት ግማሽ ቆርቆሮ መክፈል ዋናው ጥፋት ነው። ቶሎ ይድረቅ ብሎ ማጠንከሪያ መጨመርም አይረዳም፣ ያበላሸዋል እንጂ። በቀናት ያልደረቀ ቦታ ብቻውን አይድንም። ፋቁት፣ በቲነር ጥረጉት፣ በብርጭቆ ወረቀት አሹት፣ እንደገና ቀቡት።

ነጭ፣ ጉም የመሰለ፣ ሲነካ የሚያንሸራትት

በቀዝቃዛና እርጥብ አየር ማጠንከሪያው ከአየሩ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ተዋህዶ ላዩ ላይ ሰም መሳይ ነገር ይፈጥራል። በለብ ያለ ውሃና በሳሙና ይለቃል። በቲነር ግን ትቀቡታላችሁ እንጂ አታነሱትም። ከታጠበ በኋላ ብርጭቆ ወረቀት፣ ከዚያ ቀጣዩ ሽፋን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጩህ። ጋራዡ ይሙቅ ብላችሁ ከሰል አታስገቡ! ከሰሉ የሚያወጣው ጋዝ ይህንኑ ነጭ ነገር ያባብሰዋል፣ በዝግ ቤት ደግሞ ሰው ይገድላል። ደሴ ላይ የሚያዋጣው ጉሙ ከተገፈፈ በኋላ ረፋድ ላይ ጀምሮ ማታው ሳይቀዘቅዝ መጨረስ ነው።

አረፋና ቀዳዳ

ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትገቡ ነገሩ ይገለበጣል። ፀሐይ የሚያገኘው ኮንክሪት ጠዋት እየሞቀ ሲሄድ ውስጡ ያለው አየር ይሰፋና ኢፖክሲውን በስቶ ይወጣል። ስለዚህ እዚያ ከሰዓት በኋላ፣ ወለሉ መብረድ ሲጀምር ቀቡ። መጀመሪያ ስስ ፕራይመር፣ ቀጥሎ ዋናው። ቀዳዳው ከተፈጠረ አሹና ኢፖክሲውን በስፓቱላ ሞልታችሁ ድገሙት። ባልዲው ሲሞቅ ከተሰማችሁ ደግሞ አትቁሙ፤ ወለሉ ላይ ዘርግታችሁ በሮለር ሂዱ፣ ባልዲ ውስጥ የተከማቸ ኢፖክሲ በራሱ ሙቀት ይጋገራል።

ጎማ ስር ብቻ ተነሳ

መኪናው ቶሎ ገብቷል። በእግር መሄድ በማግስቱ ይቻል ይሆናል፣ መኪና ግን አንድ ሳምንት ይጠብቅ፣ ደሴ ብርድ ላይ ከሆነ ከዚያም በላይ።

በሩ አካባቢ ቢጫ ሆነ

ፀሐይ ነው። ኢፖክሲ ፀሐይ አይወድም፤ ጥንካሬው ብዙም አይነካም፣ መልኩ ነው የሚሄደው። ካስጠላችሁ አሹትና ፖሊዩሬቴን የሚባለውን ፀሐይ የሚችል ቀለም ደርቡበት። ነጭ ላይ ቶሎ ይታያል፣ ጠቆር ያለ ግራጫ ላይ ብዙም አይታወቅም።