ፍላጎታቸው የተለያየ ተማሪዎችን በአንድ ክፍል እንዴት ማስተማር ይቻላል?

ለአንድ ክፍለ ጊዜ ሦስት ዓይነት ትምህርት ማዘጋጀት መምህሩን ያደክማል እንጂ ተማሪውን ብዙም አይጠቅምም። የሚያዋጣው ግቡን አንድ አድርጎ መንገዱን ማስፋት ነው።

1. የዕለቱን ግብ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። «ክፍልፋይ መማር» ግብ አይሆንም፤ «ታህታቸው እኩል የሆኑ ሁለት ክፍልፋዮችን መደመር» ግን ይሆናል። እዚህ ውስጥ ንባብ፣ የእጅ ጽሑፍ ወይም ፍጥነት የሚል የለም። ስለዚህ በእነዚህ ማገዝ ትምህርቱን ማቅለል አይደለም።

2. ተማሪው የት ላይ እንደሚሰናከል ይለዩ። ብዙ ድካም በከንቱ የሚቀረው ይህ ሲዘለል ነው። ባዶ ወረቀት ያስረከበ ልጅ «ሒሳብ አይገባውም» ይባልና መልመጃ ይጨመርለታል፤ የቸገረው ግን ንባቡ ሊሆን ይችላል።

ይህን ጥያቄ እንውሰድ፦ «3 ሳጥኖች አሉ። በእያንዳንዱ ውስጥ 24 እርሳስ አለ። 15 እርሳስ ቢወሰድ ስንት ይቀራል?» ተማሪውን ለብቻው አስቀምጠው ጥያቄውን ያንብቡለት፤ ማብራሪያ አይጨምሩ። 57 ካለ ያሰናከለው ንባቡ ነው። በሒሳብ ሰዓት ጥያቄው ይነበብለት፣ ንባቡን በሌላ ሰዓት ይለማመድ። ካልሠራው፣ ማንበብዎን ሳይተዉ ቁጥሮቹን ያሳንሱ፦ 24ቱን 2፣ 15ቱን 1 ያድርጉ። 5 ብሎ ከመለሰ ሐሳቡ ገብቶታል፤ የከበደው ስሌቱ ስለሆነ የማባዣ ሰንጠረዥ ይስጡት። አሁንም ካቃተው እርሳሶቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድረው በእጁ እያነሣ ይሞክር።

በአንድ ጊዜ ከአንድ ነገር በላይ አይቀይሩ። አንብበውም፣ ቁጥሩን አሳንሰውም፣ ሥዕል ሠርተውም ከሰጡት ምናልባት ይሠራዋል፤ የረዳው የትኛው እንደሆነ ግን አይታወቅም። ከመጽሐፍ በትክክል እየገለበጠ ከሰሌዳ ሲሆን ብቻ የሚሳሳት ተማሪ ደግሞ ከምንም በፊት ዓይኑ ይመርመር።

3. ትእዛዝ አንድ በአንድ ይስጡ፣ በቃልም በጽሑፍም። ወደ ሰሌዳ ዞረው እየጻፉ አይናገሩ፤ የከንፈር እንቅስቃሴ አይቶ ለሚከታተል ተማሪ ጀርባዎ ምንም አይነግረውም። «ገባችሁ?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፣ መልሱ ሁሌም «አዎ» ነው። ይልቅ አንዱ ተማሪ በራሱ አነጋገር ይድገመው።

ከጠየቁ በኋላ ቢያንስ 3 ሰከንድ ዝም ይበሉ። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሜሪ ባድ ሮው በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባወጣችው ጥናት መምህራን የሚጠብቁት 1 ሰከንድ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኝቷል፤ ወደ 3 ሰከንድ ሲያሳድጉት የተማሪዎቹ መልስ ረዘም ብሏል፣ መልስ ሳይሰጡ ዝም የሚሉበትም ጊዜ ቀንሷል። 3 ሰከንድ ሰሌዳ ፊት ለቆመ ሰው በጣም ረጅም ስለሚመስል በልብዎ ይቁጠሩ።

ማንበብ የሚቸገረውን ልጅ በድንገት አስነሥተው ጮክ ብሎ እንዲያነብ አያድርጉ። የሚያነበውን አንቀጽ ከአንድ ቀን በፊት ይስጡት።

4. ድጋፉን ደረጃ በደረጃ ያንሱ። የመጀመሪያው ምሳሌ ሙሉ በሙሉ የተሠራ ይሁን። በሁለተኛው የመጨረሻዋን ደረጃ፣ በሦስተኛው የመጨረሻዎቹን ሁለት ይተዉለት። በአንዴ የተነሣ ድጋፍ ልጁን ወደ ባዶው ወረቀት ይመልሰዋል፤ ፈጽሞ የማይነሣ ደግሞ ጥገኛ ያደርገዋል።

ቋሚ «የደካሞች ቡድን» አያቋቁሙ፤ ስሙን ቢቀይሩትም ልጆቹ ያውቁታል። ምድቡን በየርዕሱ ያፈራርቁ። ቶሎ ለሚጨርሰው ተጨማሪ አሥር ተመሳሳይ ጥያቄ መስጠት ቅጣት ነው፤ ሆን ተብሎ ተሳስቶ የተሠራ መልስ ይስጡትና ስህተቱ የቱ ጋ እንደተፈጠረ ፈልጎ ያስረዳ።