ከቤት እስከ ገንዳ፦ ዳር ከተማ ላይ ቆሻሻ እንዴት ይወጣል

አዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የገባን ሰሞን ያስቸገረኝ ነገር ውሃም መብራትም አልነበረም፣ ቆሻሻ ነው። ድሮ መሃል ከተማ ተከራይቼ ስኖር ግቢው ውስጥ በርሜል ነበረ፣ እዛ ጣል አድርጌ ወደ ስራዬ ነው፣ ከዛ በኋላ የት እንደሚሄድ ጠይቄም አላውቅ። እዚህ ሶስተኛ ፎቅ ላይ ነኝ፣ ገንዳው ሩቅ ነው፣ ከየቤቱ ቆሻሻ የሚሰበስቡት የፅዳት ማህበሮች በየትኛው ቀን እንደሚመጡ የነገረኝ የለም፣ በረንዳ ላይ የደረደርኩትን ፌስታል አንድ ማታ ድመት ቀደደውና ታች ያለችው ጎረቤቴ ያሰጣችው ነጭ አንሶላ ላይ የሽሮ ትራፊ ወረደ። ነገሩን በቁም ነገር የያዝኩት ከዛ ቀን ጀምሮ ነው። ኮዬ ፈጬም የካ አባዶም ላላችሁ ብዙ ስለማይለይ እኔ እንዴት እንደማደርገው ልንገራችሁ።

ዋናው ነገር እርጥቡንና ደረቁን ገና ቤት ውስጥ እያለ መለየት ነው፣ ሌላው ከዚህ በኋላ ይቀላል። አንዴ ከተደባለቀ ማንም አይለየውም፣ ወረቀቱ ወጥ ይጠጣል፣ ሃይላንዱ ይሸታል፣ ብር ያወጣ የነበረው እቃ ሁሉ እዛው ቆሻሻ ሆኖ ይቀራል። ብዙ እቃ አያስፈልግም። ለእርጥቡ ክዳን ያለው ባዶ የቀለም ባልዲ፣ ለደረቁ ደግሞ ኩሽና በር ጀርባ ምስማር ላይ የተሰቀለ ማዳበሪያ፣ በቃ። ባልዲው ስር የተጨማደደ ጋዜጣ ወይ አንድ ሁለት እፍኝ ሰጋቱራ ጣሉበት፣ እርጥበቱን ይመጠዋል ሽታውንም ይቀንሳል፣ ሰጋቱራ እንጨት ቤት ሄዳችሁ ብትጠይቁ ማዳበሪያ ሙሉ በትንሽ ብር ይሰጧችኋል። የቡና አተላውን ሳይንጠፈጠፍ አትገልብጡት። የወጥ ትራፊም መረቁን አጥልላችሁ ነው መጣል፣ ዘይቱን ግን እቃ ማጠቢያው ውስጥ እንዳትደፉት፣ የኮንዶሚኒየም ቱቦ እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

ይሄ የኔ ፅዳት ወዳድነት እንዳይመስላችሁ። ከአዲስ አበባ የቤት ቆሻሻ ከግማሽ በላዩ እርጥብ ነው። ረጲ ላይ በ2010 የተመረቀው ከቆሻሻ መብራት የሚያመነጨው ጣቢያ በቀን 1400 ቶን እንዲያቃጥል ታስቦ ነው የተሰራው፣ እርጥብ ነገር ከሰጡት ግን እሳቱ ጉልበቱን የሚጨርሰው ውሃ ሲያፈላ ነው፣ እርጥብ እንጨት ያቀጣጠለ ሰው ይገባዋል። ሳይቃጠል ከተከመረም እርጥቡ ውስጥ ለውስጥ ይበሰብሳል፣ ጋዝ ያወጣል፣ ክምሩንም ያላላዋል። መጋቢት 2 ቀን 2009 የከተማው ቆሻሻ መጣያ ቆሼ ላይ ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ያለቀበትን ቅዳሜ ማታ የማያስታውስ ያለ አይመስለኝም። ከዛ ቀደም ብሎ 2008 ላይ ቆሻሻው ወደ ሰንዳፋ ሊዛወር ተጀምሮ ነበር፣ ዓመት እንኳን ሳይሞላው የአካባቢው ገበሬ እምቢ ብሎ ቆመ። ለምን እምቢ እንዳለ ዳር ለሚኖር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፣ መሃል ከተማ የተጠረገ ነገር ሁሉ የሚመጣው ወደኛ ነው እኮ።

አሁን ወደ ማህበሮቹ። የሚመጡበትን ቀን ከብሎክ ኮሚቴ ወይ ከጥበቃው ጠይቁና ስልካችሁ ላይ አላርም ሙሉት፣ እኛ ብሎክ ማክሰኞና ቅዳሜ ጠዋት ነው። የፅዳት ክፍያው ከውሃ ቢል ጋር ስለሚቆረጥ በር ላይ የምትከፍሉት ነገር የለም፣ ክረምት ላይ ጭቃ ለጭቃ መጥታ ሶስተኛ ፎቅ ድረስ ለወጣች ሰው ሻይ ማቅረብ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ዋዜማውን ማታ ደረጃ ስር አታውጡት፣ ጠዋት ነው። እዚህ ዳር ላይ ጅብ አለ፣ ቀልድ አይደለም፣ ማታ የወጣ አጥንት ያለበት ፌስታል ጠዋት መንገድ ሙሉ ተበትኖ ነው የሚገኘው ከዛ ቀኑን ሙሉ ውሻው ይጫወትበታል። ቀኑ ካመለጣችሁና ራሳችሁ ወደ ገንዳው ከወሰዳችሁ ደግሞ ገንዳው ውስጥ ክተቱት፣ ጎኑ አስቀምጣችሁ አትሂዱ፣ መኪናው የሚያነሳው ገንዳውን ነው ጎኑ ያለውን አይደለም።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ አሁንም ሳስበው ያሳፍረኛል። ከማህበሩ ሴቶች አንዷ፣ በእድሜ እናቴ የምትሆን፣ አንድ ቅዳሜ እጇን በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አገኘኋት። ምን ሆነሽ ነው እማማ ስላት "ምንም አይደል ልጄ፣ ጠርሙስ ነው" አለችኝ፣ ነጠላው ግን ደም ጠጥቷል። አጠገቧ የተቀደደው ጥቁር ፌስታል የኔ ነው፣ ውስጡ ከትላንት ወዲያ የሰበርኩት የሻይ ብርጭቆ አለ። ጓንቷ ጣቱ ላይ ቀዳዳ ነበረው። ጤና ጣቢያ ወስጄ አስሰፋኋት፣ የቴታነስ መርፌም ተወጋች፣ ግን ሳምንት ሙሉ ስራ ቀርታለች።

ስለዚ ስለታም ነገር እንዲህ ነው፦ ብርጭቆ፣ ጠርሙስ ስባሪ፣ ምላጭ በጋዜጣ ወፈር አድርጋችሁ ጠቅልላችሁ ካርቶን ውስጥ ክተቱ፣ ካርቶኑ ላይ በማርከር "ብርጭቆ" ብላችሁ ፃፉበት፣ ሲመጡ ደግሞ በእጃችሁ ስጧቸውና ንገሯቸው። ቤታችሁ የኢንሱሊን መርፌ የሚወጋ ሰው ካለ መርፌው ከነክዳኑም ቢሆን ፌስታል ውስጥ አይገባም፣ የኦሞ ወይ የበረኪና ጠንካራ ፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ አጠራቅሙትና ሲሞላ ክዳኑን በፕላስተር አሽጋችሁ ክትትል የምታደርጉበት ጤና ጣቢያ ውሰዱ፣ እነሱ የሚያቃጥሉበት ቦታ አላቸው። ዳይፐር ለብቻው ተጠቅልሎ ነው። የከሰል አመድ ደግሞ ውሃ ሳይደፋበት እንዳይወጣ፣ ላይ ላዩ ግራጫ ሆኖ ውስጡ ፍም ነው፣ እኛ ሰፈር ገንዳ ሲጨስ ሁለት ጊዜ አይቻለሁ ሁለቱም ጊዜ በዓል ማግስት ነው።

ወደ ደረቁ ማዳበሪያ እንምጣ፣ እዚህ ላይ ነው ነገሩ ደስ የሚለው። ጠዋት ጠዋት "ቆራሌው!" እያለ የሚያልፈው ልጅ "ቆርቆሮ ያለው" ማለቱ ነው፣ ዛሬ ግን የሚገዛው ቆርቆሮ ብቻ አይደለም፦ ብረታ ብረት፣ አሉሚኒየም ድስት፣ የመዳብ ሽቦ፣ ጀሪካን፣ ሃይላንድ፣ ጠርሙስ፣ አሮጌ ጫማ፣ የሞተ የመኪና ባትሪ። ከሱ የተገዛው ብዙው ነገር መርካቶ ምናለሽ ተራ ይገባና ምድጃ ሆኖ፣ መጥበሻ ሆኖ፣ ምናምን ሆኖ ተመልሶ ይሸጥልናል። አሮጌ ልብስ ካላችሁ ልዋጩን ጠብቁ፣ እሱ በብር ሳይሆን በብርጭቆና በፕላስቲክ እቃ ነው የሚለውጠው፣ ሚስቴ ሁለት አሮጌ ጂንስ ሰጥታ ስድስት የሻይ ብርጭቆ ተቀብላለች (የተሰበረው ከነዛ ነው)።

መጀመሪያ ጊዜ ለቆራሌው ማዳበሪያዬን ስገለብጥለት አይቶ ሳቀ። "ጋሼ ይሄ አይሆንም፣ ዘይት ነክቶታል" አለኝ፣ የዘይት ጀሪካኑ ሳይታጠብ ከወረቀቱ ጋር ነበረ፣ ወረቀቱ ሁሉ ቅባት ጠጥቷል። አሁን ጀሪካኑን በሙቅ ውሃና በኦሞ አጥቤ፣ ዘቅዝቄ አድርቄ ነው የማስቀምጠው፣ ሃይላንዱን ውሃውን አፍስሼ ጨፍልቄ። ክዳኑን ለብቻ አጠራቅሙት ምክንያቱም ሃይላንዱና ክዳኑ አንድ አይነት ፕላስቲክ አይደሉም። ካላመናችሁኝ ሁለቱንም ቆርጣችሁ ባልዲ ውሃ ውስጥ ጣሉት፣ የጠርሙሱ ቁራጭ ይሰምጣል ክዳኑ ይንሳፈፋል። እቃው ስር ሶስት ማዕዘን ውስጥ ያለውን ቁጥርም እዩ፣ 1 የሃይላንድ ነው፣ 2 አብዛኛው ጀሪካን፣ 5 የእርጎ እቃና የመሳሰለው። የተለያየ ፕላስቲክ ከተደባለቀ የተሻለ ዋጋ የለውም፣ በድብልቅ ዋጋ ነው የሚወስደው።

ብረታ ብረት ላይ ደግሞ ከተበላሸ ስፒከር ማግኔት አውጥታችሁ ያዙ። ማግኔት የያዘው ብረት ነው፣ ርካሹ እሱ ነው። ያልያዘው አሉሚኒየም፣ መዳብ ወይ ነሃስ ሊሆን ይችላል፣ እሱ ለብቻው ነው የሚመዘነው፣ ከብረቱ ጋር አንድ ላይ "ይሄን ሁሉ በአንድ ሂሳብ" ቢላችሁ እሺ እንዳትሉ። ሚዛኑንም እዩ። ብዙዎቹ የሚይዙት በእጅ የሚንጠለጠል ባለ ሞላ ሚዛን ነው፣ ባዶውን ሲንጠለጠል ዜሮ ላይ መቆሙን ተመልከቱ፣ እኔ ከሱቅ የገዛሁትን ያልተከፈተ 5 ኪሎ ዱቄት አንጠልጥሎ እንዲያሳየኝ ነው የምጠይቀው፣ ሳቅ እያልኩ ነው የማደርገው ልጁም አይከፋውም፣ አንዴ ግን አራት ኪሎ ብሎ ቆሞብኛል።

የልጆች አሮጌ ደብተር ቆሎ የሚሸጡ እናቶች ለመጠቅለያ ይወስዱታል። ስም ያለበትን ገፅ ቅደዱት፣ አንድ ቀን ታክሲ ተራ ላይ ቆሎ ገዝቼ ልጄ ሂሳብ ላይ ያገኛትን ሶስት ከአስር ይዤ ገብቻለሁ።

የእርጥቡ ባልዲ ከሞላ ማህበሮቹ ይወስዱታል ግን ዳር የመኖር ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ከብሎካችን ጀርባ ላም የሚያረቡ እማማ አሉ፣ የጎመን ቅንጥብጣቢውን፣ የድንች ልጣጩን፣ የጠላ አተላውን ደስ ብሏቸው ነው የሚቀበሉት። የሽንኩርት ልጣጭ በብዛት አይሰጥም፣ ላም ይጎዳል፣ የሻገተ እንጀራም እንደዛው። ከሁሉ በላይ ፌስታል ፈፅሞ አብሮ እንዳይሄድ፣ ሆዷ ውስጥ ተጠቅልሎ ላሟን ይገድላታል፣ እማማ አንድ ጥጃ እንደዛ እንደሞተችባቸው ነግረውኛል። በነገራችን ላይ በ2017 የወጣው አዋጅ ፌስታልን ከልክሏል፣ ስለዚ ዘንቢሉን ከአልጋ ስር አውጡት። ምድር ላይ ያላችሁ ደግሞ ከታች የተበሳ በርሜል ውስጥ አንድ ባልዲ ልጣጭ ሁለት ባልዲ ደረቅ ቅጠልና ሰጋቱራ እያደረጋችሁ በየሳምንቱ ገልበጥ ብታደርጉት ከወራት በኋላ ለአበባና ለጎመን የሚሆን ብስባሽ ይሆናል፣ ከሸተተ እርጥበቱ በዝቷል ማለት ነው ደረቅ ጨምሩበት።

ፍርስራሽ ግን ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ኮንዶሚኒየም ፊኒሺንግ የሰራ ሰው ያውቀዋል፣ የሴራሚክ ስባሪ፣ ጂፕሰም፣ የሲሚንቶ ከረጢት። ማህበሮቹ አያነሱትም፣ ገንዳ ውስጥም አይጣልም። እኔ ባለጋሪ አግኝቼ "የሚጣልበትን አውቃለሁ" ብሎኝ ከፍዬ ሸኘሁት፣ በሶስተኛው ቀን ደንብ አስከባሪዎች በሬ ላይ ቆሙ። ሰውዬው ከሰፈር ሳይወጣ ወንዙ ዳር ገልብጦታል፣ ከፍርስራሹ መሃል የቁም ሳጥኑ ካርቶን ላይ ስሜና ብሎክ ቁጥሬ በደማቁ ተፅፏል። ቅጣቱን ከፍዬ በራሴ ወጪ አስነሳሁት። ውሃው ወደ አቃቂ ወንዝ ነው የሚወርደው፣ ታች ደግሞ በሱ ጎመን የሚያጠጣ ሰው አለ። ከመጀመሪያው ወረዳ ደንብ ማስከበር ሄዳችሁ የት እንደሚደፋ ጠይቁ፣ ከጎረቤት ጋር ተዋጥታችሁ አንድ ኢሱዙ ያዙ፣ ካርቶኑን ደግሞ ለቆራሌው ስጡ። ንፁህ አሸዋና የሴራሚክ ስባሪ ጭቃ መንገድ ላለበት ሰፈር ይፈለጋል፣ አንዳንዴ ራሳቸው መጥተው ይወስዱታል።

የሞተ የመኪና ባትሪ ለቆራሌ ይሸጣል ግን ግቢያችሁ ውስጥ እንዲሰብረውና አሲዱን እንዲደፋ አትፍቀዱለት፣ ውስጡ እርሳስ ነው፣ ልጆች የሚጫወቱበት አፈር ነው። ረጃጅሙ የፍሎረሰንት አምፖል ሜርኩሪ አለበት፣ አይሰበርም፣ ከነካርቶኑ ለማህበሮቹ በእጅ ስጧቸው።

የመጨረሻው የበዓል ቆዳ ነው። በግ ካረዳችሁ ቆዳው ከሰዓት ድረስ ፀሃይ ላይ ከዋለ አለቀለት፣ ፀጉሩ ይነቀላል ሽታውም ብሎኩን ሁሉ ያስለቅቃል። እንደተገፈፈ ስጋና ሞራውን ጠርጋችሁ፣ በስጋው በኩል ዘርግታችሁ ጨው በደንብ በትኑበት፣ ጫፍ ጫፉንና እግሩን አትርሱ፣ ከዛ ጥላ ውስጥ አጥፋችሁ አስቀምጡት። "ቆዳ ያለው!" የሚለው ድምፅ የሚሰማው በዛው ቀን ከሰዓት ነው። ዋጋው እንደ ድሮ አይደለም፣ ለሁለት ቡና እንኳን ላይበቃ ይችላል፣ ቢሆንም ስጡት።