ተጠቃሚዎችንና ዕቃዎቻቸውን በዳታቤዝ ውስጥ እንዴት እናስቀምጥ?

ሰዎች ዕቃቸውን የሚሸጡበት ትንሽ አፕ ልትሠሩ ነው እንበል። ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ አምጡ።

መጀመሪያ ሁለት ሠንጠረዥ ሳሉ፤ አንዱ ለተጠቃሚ፣ ሌላው ለዕቃ። ብዙ ጀማሪ እንደ ኤክሴል ሁሉንም አንድ ላይ ይከምራል። 20 ዕቃ ያላት ሻጭ ስልኳ 20 ጊዜ ይጻፋል ማለት ነው። ቁጥሯን የቀየረች ቀን 19ኙን አስተካክላችሁ አንዱን ትረሳላችሁ።

ተጠቃሚዎች የሚለው ውስጥ መለያ ቁጥር፣ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስምና ስልክ ይግቡ። የፈረንጅ ማስተማሪያዎች «የቤተሰብ ስም» የሚሉትን እንዳለ አትቅዱ፤ እኛ ጋ የለም። መለያ ቁጥሩን፣ ማለትም ፕራይመሪ ኪዩን፣ ዳታቤዙ ራሱ ይስጥ። ስልክን መለያ አታድርጉ፣ ሰው ሲም ይቀይራል። ግን እንዳይደገም ዩኒክ በሉት። ዓይነቱም ጽሑፍ ይሁን፤ ቁጥር ካላችሁት የ0911 መጀመሪያዋ ዜሮ ትጠፋለች።

ዕቃዎች ውስጥ ደግሞ መለያ፣ ስም፣ ዋጋ፣ ብዛትና የባለቤት መለያ ይኑር። ዋጋን ፍሎት (ነጥብ ያለውን ቁጥር በግምት የሚይዝ ዓይነት) አታድርጉ፤ በፍሎት 0.1 እና 0.2 ሲደመሩ 0.30000000000000004 ይመጣል። በትክክል የሚይዘው ዴሲማል ይሻላል።

ዋናው ነገር የባለቤት መለያው ነው። ፎሪን ኪይ፣ ማለትም የሌላ ሠንጠረዥን መለያ የሚጠቁም ዓምድ፣ የሚባለው እሱ ነው፣ የሚቀመጠውም ዕቃው ጋ። ተጠቃሚው ረድፍ ላይ «3፣7፣12» ብሎ የዕቃ ዝርዝር መደርደር ያጓጓል፤ እኔም አድርጌዋለሁ። በኋላ ዕቃ 7 የማን እንደሆነ ስፈልግ 17ና 70 አብረው እየመጡ አናቴን አዞሩት። አንድ ዕቃ ሁለት ባለቤት ሊኖረው ከቻለ ግን ሦስተኛ ሠንጠረዥ ክፈቱ፤ በየረድፉ አንድ የተጠቃሚ መለያና አንድ የዕቃ መለያ ብቻ ይያዝ።

ተጠቃሚ ሲሰረዝ ዕቃው ምን ይሁን? ፎሪን ኪዩ ላይ ካስኬድ ካላችሁ አብሮ ይጠፋል። እኔ ሪስትሪክት እመርጣለሁ፤ ዕቃ እያለው መሰረዝን ይከለክላል።

ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ ለፎሪን ኪይ ኢንዴክስ (ፍለጋን የሚያፈጥን ማውጫ) በራሱ አይሠራም፣ እናንተ ጨምሩለት።

በመጨረሻ ባለቤቱ 999 የሆነ ዕቃ ለማስገባት ሞክሩ፣ ያ ተጠቃሚ ሳይኖር። እምቢ ካለ ጥሩ። ዝም ብሎ ከተቀበለና የምትሠሩት በኤስኪውላይት ዳታቤዝ ከሆነ፣ የፎሪን ኪይ ቁጥጥሩን አላበራችሁትም። ግንኙነት በተከፈተ ቁጥር መብራት አለበት።